ሦስት ሰዎች በዘጠኝ ድምፅ

ኦገስት 1 ቀን 1969 ዓ.ም. ዓርብ ዕለት፣ በለንደን ከተማ አቢ ሮድ በተባለው መንገድ ላይ በሚገኘው የኢ.ኤም.አይ. ኩባንያ ስቱዲዮ ውስጥ አራት ወጣቶች አንድ አዲስ ዘፈን በሸክላ ለማስቀረጽ ተሰብስበው ነበር። (ዘመኑ እዚህም ሆነ ከዚህ በታች በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ከአራቱ በዕድሜ የሚበልጠው እንኳ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ስማቸውን የማያውቅ አገር አልነበረም፤ ገንዘብም ተርፎአቸው ነበር። እርስ በርሳቸው ግን መስማማት አቅቶአቸው ነበር። በዚያው ዓመት በጃኑዋሪ ወር ከመካከላቸው አንዱ ሥራውን ጥሎ ወጥቶ ከቀናት በኋላ ነው የተመለሰው። ንብረታቸውን ማን ያስተዳድርልን በሚለው ጥያቄ ደግሞ ሦስቱ በአንድ ወገን፣ አንዱ በሌላ ወገን ሆነው ተፋጠው ነበር።

የዚያን ቀን ዘፈን ደራሲ ጆን ሌነን ነው። ዘፈኑ «ቢኮዝ» ይባላል። ይህ ዘፈን ከዘፋኞቹ የሚጠይቀው፣ የተጣሉ ሰዎች ሊሰጡት የሚከብዳቸውን ነገር ነበር፤ ሦስት ሰዎች ጎን ለጎን ሆነው በአንድ ቅጽበት መተንፈስ፣ በአንድ ቅጽበት አፍ መክፈት፣ በአንድ ቅጽበትም ዝም ማለት አለባቸው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ለመረዳት ወደ ኋላ፣ ወደ ሊቨርፑል መመለስ ያስፈልጋል።

ጆን ሌነን በኦክቶበር 9 ቀን 1940 ዓ.ም. በጦርነቱ መካከል በሊቨርፑል ወደብ ተወለደ። አባቱ አልፍሬድ የንግድ መርከብ ባሕረኛ ስለ ነበረ ከቤቱ ይልቅ በባሕር ላይ የሚቆይበት ጊዜ ይበዛ ነበር። እናቱ ጁሊያ ጨዋታና ዘፈን የምትወድ ሴት ነበረች፤ ትዳሩ ግን አልጸናላትም። ልጁ አምስት ዓመት ሲሆነው ለታላቅ እኅቷ ለወይዘሮ ሚሚ ስሚዝ ተሰጠ። ወይዘሮ ሚሚና ባላቸው ሚስተር ጆርጅ ልጅ አልነበራቸውም። ቤታቸው በዉልተን ሰፈር በሜንላቭ ጎዳና ላይ ያለ ንጹሕና ጸጥተኛ ቤት ነበረ። ጆን ስለ ድኻ ሠራተኛ ልጅነቱ ቆየት ብሎ ብዙ ቢናገርም፣ እውነቱን ለመናገር ያደገው የአትክልት ቦታ ባለው ቤት፣ መጽሐፍ እያነበበ ነው። አጎቱ በ1955 ዓ.ም. ሞቱ።

እናቱ ከዚያ ቤት ሩቅ አልነበረችም። ጆን ጎረምሳ ሲሆን እየተመላለሰ ይጠይቃት ጀመር። የባንጆ አያያዝ ያስተማረችው እርሷ ናት፤ ስለዚህ ልጁ ጊታር ባገኘ ጊዜ የጊታሩን ክር እንደ ባንጆ ቃኝቶ ይጫወትበት ነበር። አክስቱ ግን ጊታር እንጀራ አይሆንም ባይ ነበሩ። በቤታቸው ውስጥ መንጫጫትን ስለማይፈቅዱ፣ ልምምዱ የሚደረገው ከመግቢያው በር ፊት ለፊት በመስታወት በተከለለች ጠባብ በረንዳ ውስጥ ነበር። ልጆቹም በዚህ አልተከፉም፤ መስታወቱና ጡቡ ድምፅን እያስተጋባ ስለሚመልስ፣ ዘፈናቸው ከውስጥ ክፍል ይልቅ እዚያ ያምርላቸው ነበር።

ልጆቹ ስል ጆንንና ፖል ማካርትኒን ነው። በጁላይ 6 ቀን 1957 ዓ.ም. በዉልተን የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ በተደረገ የሰፈር በዓል ላይ የአሥራ ስድስት ዓመቱ ጆን ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ሲጫወት፣ የአሥራ አምስት ዓመቱ ፖል መጥቶ ተዋወቀው። ፖል ጊታሩን በደንብ መቃኘት ያውቃል፤ የዘፈኖችንም ቃል በትክክል ይዞአል። ጆን ደግሞ ቃሉን ሲረሳ ከራሱ እየፈጠረ ይሞላ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ፖል የትምህርት ቤት ወዳጁን ጆርጅ ሃሪሰንን አመጣ። ጆርጅ ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ስለ ሆነ ጆን መጀመሪያ ላይ እንደ ሕፃን ቆጥሮት ነበር።

ፖል ከጆን ጋር ከመተዋወቁ በፊት በ1956 ዓ.ም. እናቱ በካንሰር በሽታ ሞታበት ነበር። በጁላይ 15 ቀን 1958 ዓ.ም. ደግሞ የጆን እናት ጁሊያ ከእኅቷ ቤት ወጥታ መንገድ ስትሻገር፣ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ የነበረ አንድ ፖሊስ በሚነዳው መኪና ተገጭታ ሞተች። ጆን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ሁለቱ ወጣቶች ስለዚህ ሐዘን ብዙ አልተነጋገሩም ይባላል። ግን ሁለቱም ያውቁት ነበር፤ በኋላ በመካከላቸው የተፈጠረውን ጠብ ሁሉ የማዛምደው ከዚህ ጋር ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚያውቅብህ ሰው ወዳጅህ ሆኖ ሲኖር መጠጊያ ነው፤ ሲጣላህ ግን ከማንም ይልቅ ይጎዳሃል።

አሁን ስለ ሐርሞኒ ጥቂት ልናገር። በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ሕዝብ ተሰብስቦ ሲዘፍን አውጪው ያወጣል፤ ተቀባዩ ይቀበላል፤ ሁሉም የሚሄደው በአንድ ዜማ ላይ ነው። ሐርሞኒ የሚባለው ግን ሦስት ሰዎች አንዱን ቃል በአንድ ጊዜ እያሉ፣ አንዱ ከፍ፣ አንዱ መካከል፣ አንዱ ዝቅ ብሎ፣ እያንዳንዱ የራሱን ዜማ የሚይዝበት አዘፋፈን ነው። የዶርዜ ሰዎች በብዙ ድምፅ ሲያዜሙ የሰማ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ችግሩ ይህ ነው፤ አንዱ በጥቂቱ ቢያዘነብል የሚበላሸው የእርሱ ድምፅ ብቻ ሳይሆን የሦስቱም ነው። ደግሞም ማንም ልቆ ለመሰማት መጣር የለበትም። ዘፋኝ ለሆነ ሰው ከዚህ የሚከብድ ትእዛዝ ያለ አይመስለኝም።

ጆንና ፖል ይህን የተማሩት ኤቨርሊ ብራዘርስ የተባሉትን የአሜሪካ ወንድማማቾች ሸክላ እየሰሙ በመኮረጅ ነው። ጆርጅ ሲጨመር ሁለቱ ድምፅ ሦስት ሆነ። ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ እየተመላለሱ በጀርመን አገር በሃምቡርግ ከተማ በመጠጥ ቤቶች ሲጫወቱ፣ ሌሊቱን ሙሉ ለሰካራም መርከበኛ መዝፈን ነበረባቸው። ትምህርት ቤታቸው ይህ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ድምፅ ማጉያው ጥቂት ስለ ሆነ በአንድ ማይክሮፎን ሁለትና ሦስት ሆነው ይዘፍኑ ነበር። ፖል ግራኝ በመሆኑ ከጆን ጋር ፊት ለፊት ሲቆሙ የጊታሮቻቸው አንገት አይጋጭም፤ አፍ ለአፍ ተጠጋግተው መዝፈን ይችሉ ነበር።

በጃኑዋሪ 1 ቀን 1962 ዓ.ም. ዴካ በተባለው የሸክላ ኩባንያ ፊት ቀርበው አሥራ አምስት ዘፈን ቢጫወቱም ኩባንያው አልፈልግም አላቸው። በዚያው ዓመት የፓርሎፎን ኃላፊ የነበሩት ሚስተር ጆርጅ ማርቲን ተቀበሉአቸው። ሚስተር ማርቲን በጊልድሆል የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ኦቦ የሚነፉ፣ የታላላቆቹን ደራሲዎች ሙዚቃ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ነበሩ። እነዚህ ልጆች ኖታ ማንበብ አይችሉም። ኖታ የሚያነቡት ሰው ኖታ የማያውቁትን ልጆች አለመናቃቸው፣ ልጆቹም ያወቁ ሰው ሲመክሯቸው አለመኩራታቸው ለሁለቱም ወገን በጀ። በኦገስት ወር ድራም መቺው ሪንጎ ስታር ተጨምሮ ቢትልስ የተባለው ባንድ ዓለም በሚያውቀው መልኩ ሞላ።

ኦክቶበር 17 ቀን 1963 ዓ.ም. ጆን «ዚስ ቦይ» የተባለውን ዘፈን ይዞ መጣ። በዚያ ቀን ኩባንያው በአራት መስመር የሚቀርጸውን አዲስ ቴፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቢትልስ ሥራ አዋለው። ዘፈኑ ቀስ ያለ የፍቅር ዘፈን ሲሆን፣ ጆን በስሞኪ ሮቢንሰን የአዘፋፈን ስልት ተማርኮ የጻፈው ነው። ሦስቱም አብረው እየዘፈኑ ይሄዱና ከመካከል ላይ ጆን ብቻውን ይወጣል፤ በጩኸትና በልቅሶ መካከል ያለ ድምፅ ያሰማል፤ ከዚያ ሁለቱ ተመልሰው ይቀበሉታል። አሥራ አምስት ጊዜ ደጋግመው ቀረጹት። በፌብሩዋሪ 1964 ዓ.ም. ከማያሚ ከተማ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲዘፍኑት ሦስቱ በአንድ ማይክሮፎን ዙሪያ ተጠጋግተው ቆመው ነበር። ሊጣላ የሚችል ሰው በመካከላቸው ያለ አይመስልም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዝና ለአንባቢ አዲስ ስላልሆነ በአጭሩ ልለፈው። በ1966 ዓ.ም. በሕዝብ ፊት መጫወት አቆሙ፤ ጩኸቱ ስለ በዛ የራሳቸውን ድምፅ መስማት አልቻሉም ነበር። በ1967 ዓ.ም. ሥራቸውን ያስተዳድር የነበረው ብራያን ኤፕስታይን በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ሞተ። የሚያስታርቃቸው ሰው ከዚያ ወዲያ አልተገኘም። ጆን ባለቤቱን ሲንትያን በ1968 ዓ.ም. ፈታ፤ ልጁን ጁሊያንን ችላ አለ። አባቱ ያደረገበትን እርሱም በልጁ ላይ አደረገው፤ ይህን ለመሸፋፈን የሚሞክሩ ወዳጆቹ እንዳሉ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ማመካኛ አላገኘሁለትም። በማርች 1969 ዓ.ም. ዮኮ ኦኖ የተባለችውን ጃፓናዊት የኪነ ጥበብ ሰው በጅብራልታር አገባ።

ስለ ጆን ድምፅም አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ዓለም የወደደለትን ድምፅ እርሱ ይጠላው ነበር። ሲቀረጽ ሁልጊዜ ድምፄን ለውጡልኝ፣ ሸፍኑልኝ እያለ ያስቸግር ነበር። ድምፅ ወፍራም ሆኖ እንዲሰማ ዘፋኙ አንዱን ዘፈን ሁለት ጊዜ ዘፍኖ አንዱን በሌላው ላይ መደረብ የተለመደ ነው፤ ጆን ግን ይህ ድግግሞሽ ያሰለቸው ነበር። በ1966 ዓ.ም. ኬን ታውንሰንድ የተባለው የስቱዲዮው ባለሙያ ዘፋኙ ሳይደክም ድምፁን በቴፕ የሚደርብ ዘዴ የፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

በ1968 ዓ.ም. ኦክቶበር ወር ጆን ለሞተችው እናቱ የጻፈውን «ጁሊያ» የተባለውን ዘፈን በአንድ ጊታር ብቻውን ቀረጸ። በቢትልስ ስም ከወጡት ዘፈኖች መካከል ከእርሱ በቀር ሌላ ሰው የሌለበት የጆን ሥራ ይህ ብቻ ነው። የእናቱን ሐዘን ከማንም በላይ የሚያውቅለት ፖል በዚያው ባንድ ውስጥ ሳለ ብቻውን መዝፈኑን ሳስብ፣ ነገሩ ያለቀለት ያን ጊዜ ይመስለኛል። ሆኖም ገና አላለቀም።

በ1969 ዓ.ም. ክረምት አራቱ እንደ ቀድሞው አንድ አልበም ለመሥራት ተስማሙ። ጆን ግን በጁላይ 1 ቀን በስኮትላንድ መኪና ሲነዳ አደጋ ደርሶበት ፊቱ በአሥራ ሰባት ስፌት ተሰፋ። ወደ ሥራ ሲመለስ፣ ከእርሱ ጋር የተጎዳችውና ነፍሰ ጡር የነበረችው ዮኮ እንድትተኛበት አልጋ ወደ ስቱዲዮው ገባ። ሌሎቹ ምን እንደ ተሰማቸው መገመት አያዳግትም።

«ቢኮዝ» የተወለደው በጆን ቤት ነው። ዮኮ በልጅነቷ ፒያኖ የተማረች ስለ ሆነች አንድ ቀን ቤትሆቨን በ1801 ዓ.ም. የጻፈውንና «የጨረቃ ብርሃን» የተባለውን ሶናታ ትጫወታለች። ጆን ተጋድሞ ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ እነዚያን ኮርዶች ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ገልብጣ እንድትጫወትለት ጠየቃት፤ ዘፈኑን በዚያ ላይ ሠራው። የሙዚቃ ሊቃውንት ሁለቱን አስተያይተው፣ ግልባጭነቱ በትክክል እንደማይገጥም ያስረዳሉ። ዝምድናው ግን አይካድም፤ ሁለቱም በሲ ሻርፕ ማይነር የተቃኙ ናቸው፤ በሁለቱም ውስጥ የኮርዱ ድምፆች አንድ በአንድ እየተከታተሉ እንደ ውኃ ጠብታ ይወርዳሉ። ቃላቱ ጥቂት ናቸው፤ ስለ ዓለም፣ ስለ ነፋስና ስለ ሰማይ ከሚናገሩት በቀር ታሪክ የላቸውም።

በመጀመሪያው ቀን መሣሪያው ተቀረጸ። ሚስተር ማርቲን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሃርፕሲኮርድ ይዘው ተቀመጡ። ጆን ያንኑ ዜማ በጊታር እኩል ይከተላቸዋል፤ ፖል ቤዝ ይዞአል። ሁለት መሣሪያ አንዱን ኖታ እኩል ሲመታ ከመካከላቸው በጥቂቱ የቀደመ ወይም የዘገየ ወዲያው ስለሚጋለጥ ሥራው አስቸጋሪ ነበር። ሃያ ሦስት ጊዜ ሞክረው አሥራ ስድስተኛውን መረጡ። ጊዜውን የጠበቀላቸው ሪንጎ ነው። በሲምባሉ ላይ ምቱን እየቆጠረ በጆሮ ማዳመጫ ያሰማቸዋል፤ ያ ምት ግን በቴፕ ላይ አልተቀረጸም። ስለዚህ በዘፈኑ ውስጥ ድራም አይሰማም፤ ሪንጎ ግን በሌለበት ሁሉ አለ። ስለ እርሱ የተጻፉ ቀልዶችን የሚያበዙ ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ ደግ ነው።

ከዚያ ድምፁ ቀጠለ። የሦስቱን ድምፅ እያንዳንዱን መንገድ የቀየሱት ሚስተር ማርቲን ናቸው። ጆን ዋናውን ዜማ በመካከል ይይዛል፤ ፖል ከላይ፣ ጆርጅ ከታች። በስምንት መስመር የሚቀርጽ ቴፕ በዚያን ጊዜ ተገኝቶ ስለ ነበረ፣ ሦስቱ አብረው ዘፍነው አንድ መስመር ይሞላሉ፤ ከዚያ ያንኑ እየሰሙ በላዩ ዳግመኛ ይዘፍናሉ፤ ከዚያም ሦስተኛ። ሦስት ሰው ሦስት ጊዜ፣ ዘጠኝ ድምፅ ይሆናል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ድርቦች የተቀረጹት በኦገስት 4 ቀን ነው። ሲደረብ መድገም ይሰለቸው የነበረው ጆን፣ ዘዴ እንዲፈጠርለት ያደረገው ጆን፣ ከሌሎቹ ጋር ቆሞ አንዱን ዜማ ሦስት ጊዜ ዘፈነ። በዘዴ የተደረበ ድምፅ ያው አንዱ ድምፅ ነው፤ በእውነት ሦስት ጊዜ የተዘፈነ ግን በእያንዳንዱ ጊዜ በጥቂቱ ይለያል፤ የዘፈኑም ውፍረትና ሙቀት ከዚያች ጥቂት ልዩነት የመጣ ነው።

ብዙ ሰዓት ወሰደ። ጆርጅ ሃሪሰን ዘፈኑ ለመዝፈን እጅግ የሚያስቸግር እንደ ነበረና ደኅና አድርገው ማጥናት እንዳስፈለጋቸው፣ ከአልበሙም ውስጥ ምናልባት ከሁሉ የሚወደው ይህ እንደ ሆነ በዚያው ዓመት ተናግሮአል። ይህን ያለው ሰው በጃኑዋሪ ወር ጥሎ የወጣው ያው ሰው ነው። በሚቀጥለውም ቀን ሞግ የተባለውን አዲስ የኤሌክትሮኒክ ድምፅ ማውጫ መሣሪያ ተጫውቶ ጨመረበትና ዘፈኑ ተፈጸመ። ርዝመቱ ሦስት ደቂቃ አይሞላም።

ስምምነት ተመለሰ ብሎ መጻፍ ያስደስተኝ ነበር። ነገር ግን አራቱ ለመጨረሻ ጊዜ በስቱዲዮ አብረው የታዩት ኦገስት 20 ቀን ነው። ሴፕቴምበር 20 ቀን ጆን ከባንዱ መውጣቱን ለሌሎቹ ነገራቸው። ከስድስት ቀን በኋላ «አቢ ሮድ» የተባለው አልበም በእንግሊዝ አገር ሲወጣ፣ ሸክላውን የገዛው ሕዝብ ባንዱ መፍረሱን አላወቀም። በኤፕሪል 1970 ዓ.ም. ነገሩ በጋዜጣ ወጣ፤ ክሱና ስድቡም ተከተለ። ጆንና ፖል በዘፈን ሳይቀር ተሰዳደቡ።

ጆን በ1971 ዓ.ም. ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ ዳግመኛ ወደ እንግሊዝ አገር ሳይመለስ ቀረ። የአሜሪካ መንግሥት ሊያባርረው ለዓመታት ቢሟገትም በ1976 ዓ.ም. የመኖሪያ ፈቃድ አገኘ። በተወለደበት ቀን በኦክቶበር 9 ቀን 1975 ዓ.ም. ሾን የተባለ ልጅ ሲወለድለት ሙዚቃውን ትቶ ልጁን በማሳደግ አምስት ዓመት ያህል ቤት ዋለ። ለመጀመሪያ ልጁ ያልሰጠውን ለሁለተኛው ሰጠ። በ1980 ዓ.ም. ወደ ሥራ ተመልሶ አልበም ባወጣ በሦስተኛው ሳምንት፣ በዲሴምበር 8 ቀን ማታ፣ ከስቱዲዮ ሲመለስ በሚኖርበት በዳኮታ ሕንፃ በር ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ዕድሜው አርባ ዓመት ነበር። ባንዱ ከፈረሰ በኋላ ሦስቱ በአንድነት ዳግመኛ አልዘፈኑም።

በ1996 ዓ.ም. ከቢትልስ የቀረጻ ግምጃ ቤት ተመርጠው ከወጡት ሥራዎች መካከል ይህ ዘፈን መሣሪያው ሁሉ ተነሥቶለት፣ ድምፁ ብቻ ቀርቶ ታተመ። እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ይህንኛውን ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ የመኝታ ቤት ጓደኛዬ ሌሊት ለፈተና ስናጠና አሰማኝ። የማን እንደ ሆነ አላወቅሁም፤ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መስለውኝ ነበር። ስንት ሰዎች ናቸው ብዬ ስጠይቀው ሦስት አለኝ፤ አላመንሁትም።

ሃርፕሲኮርዱ ይሰማበት የነበረው ቦታ አሁን ባዶ ነው። በየስንኙ መካከል ሦስቱ ዝም ይላሉ። ጊዜውን የሚቆጥርላቸው የሪንጎ ሲምባል ለእነርሱ እንጂ ለእኛ አይሰማም። ከዚያ ዝምታ ውስጥ ዘጠኙም ድምፅ እኩል ይነሣል።